ኤልያስ ስሜ በኮምፒውተር ሽቦ የሚሠራውን ሥራ ከቅርስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ባለመርፌ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር የጀመርነው ክርክር አላለቅ ብሎናል። እናንተም ግቡበት ብዬ ነው።

የሠዓሊውን የኤልያስ ስሜን ሥራዎች በስልኬ አሳየሁት። አየና «እጁ ይባረክ፣ ግን ኢትዮጵያዊነቱ ምኑ ላይ ነው? ሽቦና የኮምፒውተር ቦርድ እኮ ነው» አለኝ። ላሊበላ የለበትም፣ መስቀል የለበትም፣ መሶብ የለበትም። ስለዚህ ከቅርስ ጋር አይገናኝም ባይ ነው።

እኔ በፍጹም አልተዋጠልኝም። ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ኤልያስ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደ። በ1990 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ሸራ ላይ በክር እየሰፋ ብዙ ሠርቷል። የልብስ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ጭቃና ጭድም ተጠቅሟል። ከዚያ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዞረ፦ ሽቦ፣ ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፎች። እቃውን በብዛት የሚያገኘው ከመርካቶ ነው። ሽቦውን ይጎነጉነዋል፣ ከዚያ እንጨት ላይ በሚስማር ይመታዋል። ፓነሎቹ ጎን ለጎን ሲገጠሙ አንዱ ሥራ ሙሉ ግድግዳ ሊይዝ ይችላል። «ታይትሮፕ» የሚባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ እንዲህ የተሠሩ ናቸው።

እኔ ጥልፍ ጠላፊ ነኝ። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው አሠራሩ ላይ ነው። አንዱ ቀለም ሲያልቅና ሌላው ሲጀምር እዩት። ብዙ ቦታ ላይ ድንበሩ ቁርጥ አይልም፣ አንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይገባል። እኛም ቀለም ስናዋህድ እንደዚያው ነው የምናደርገው። አለበለዚያ መስመሩ ይጮሃል። ይሄንን ሰው ከእናቱ ወይ ከአክስቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው የሚማረው። ስለዚህ ለእኔ ቅርሱ ያለው እጁ ላይ ነው። ምን ትላላችሁ?

የካዛንቺስ ልጅ
ባልደረባሽ እውነት አለው ባይ ነኝ። አሠራር ብቻ ከሆነ መለኪያው፣ ሽቦ የሚጎነጉን ሰው የትም አገር አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዙሉዎች በስልክ ሽቦ ቅርጫት ይሠራሉ። ታዲያ የኤልያስን ሥራ ስሙን ሸፍነን ብናሳይ የኛ መሆኑን ማን ያውቃል? ቅርስ ሲታይ የሚታወቅ ነገር ነው።

ባለመርፌ
ወንድሜ፣ ራስህ ጥሩ ምሳሌ አመጣህልኝ። ዙሉዎች ያንን ቅርጫት ድሮ በሣርና በቅጠል ነበር የሚሠሩት። የስልክ ሽቦ ሲመጣ ያው እጅ ሽቦውን አነሳ። ዛሬ ያንን ቅርጫት አይቶ «ምኑ ነው የዙሉ?» የሚል ሰው የለም። አሠራሩ ስለቀጠለ ነው የነሱ የሆነው። የኛን ለምን በሌላ ሚዛን እንመዝናለን?

ሲታይ የሚታወቅ ያልከውን ግን ቆም ብዬ ላስብበት። ከሥራ በኋላ እመለሳለሁ።

ብራና
ይሄ ክር ጥሩ ጥያቄ ይዟል። የኔ ሥራ የድሮ መጻሕፍት አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በኩል ልግባ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባልደረባሽ «ቅርስ» ሲል በአእምሮው ያለው ንጹህና ከጥንት ጀምሮ የኛ ብቻ የሆነ ነገር ይመስለኛል። አሮጌ የብራና መጽሐፍ ገልጦ ቢያይ ሐሳቡን ይቀይር ነበር። የመጽሐፉ ሽፋን ከእንጨት ነው፣ ገበታ ይባላል። ቆዳው ከውጭ ይለበጥና ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። መሐሉ ላይ እንጨቱ ባዶ ይቀራል። ብዙ መጻሕፍት ላይ እዚያች ባዶ ቦታ ጨርቅ ተለጥፎባታል። ጨርቁ ከየት መጣ? ሐርም ይሁን አበባ የታተመበት ጥጥ፣ ብዙው ከህንድና ከሌላም አገር በንግድ የገባ ነው። ቁራጭ ነው። መጽሐፉን የጠረዘው ሰው የተረፈችውን ጨርቅ ለቅዱስ መጽሐፍ ጌጥ አደረጋት። ዛሬ ያ መጽሐፍ ቅርስ ነው፣ ጨርቁም አብሮ ቅርስ ሆኗል።

ብሩንም ውሰዱ። አያቶቻችን አንገት ላይ ያለው መስቀልና ድሪ አብዛኛው ከምን ተሠራ? ከማርትሬዛ። የኦስትሪያ ገንዘብ ነው፣ የንግሥቲቱ መልክና 1780 የሚለው ዓመት የታተመበት። ዓመቱ ሳይቀየር እየታተመ በቀይ ባሕር በኩል ይገባ ነበር። አንጥረኛው ያንን የውጭ ብር አቅልጦ የኛን መስቀል አወጣ። አሁን መስቀሉን ያየ ሰው ኦስትሪያን ያስታውሳል? ብሩ ከየት እንደመጣ አንጥረኛውን አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው የመስቀሉ ቅርጽና የሥራው ጥራት ነው።

ወደ ደቡብ ውረዱ ደግሞ። ኦሞ ሸለቆ፣ ዳሰነች ዘንድ፣ ቆርኪን ደርድረው የራስ ጌጥ ይሠራሉ። የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ነው። እዚያም ሰው የተጣለውን ነገር ለክብሩ አድርጎታል።

ስለዚህ የተገኘ ነገር አንስቶ መሥራት ራሱ የቆየ ልማዳችን ነው እላለሁ። ኤልያስ ማዘርቦርድ ሲያነሳ ያ አንጥረኛ ማርትሬዛ እንዳነሳው ነው የሚታየኝ። «ቅርስን ትቶ ወደ ቴክኖሎጂ ሄደ» የሚለውን ንባብ ለዚህ ነው የማልቀበለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሱ በፊት ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን አለ። በ1937 እ.ኤ.አ. ተወለደ፣ በ2003 አረፈ። ከ1966 እስከ 1969 እዚሁ አዲስ አበባ አስተምሯል፣ ከ1972 ጀምሮ ደግሞ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ። እሱ ከክታብ ነው የጀመረው። ክታብ የምታውቁት ነው፣ ደብተራ የሚጽፈው ረጅም የብራና ጥቅል። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚሆነው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖችና መላእክት የእስክንድር ሥዕሎች ውስጥ ሌላ ሕይወት አገኙ። እሱ ምስሉን ብቻ አልወሰደም፣ ቆዳና የዛፍ ቅርፊት ላይም ሠርቷል። የካዛንቺስ ልጅ የፈለገው ዓይነት፣ ሲታይ የሚታወቀው ቅርስ፣ እስክንድር ላይ አለ። ኤልያስ ሌላውን መንገድ ያዘ። ሁለቱም መንገድ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ
የማርትሬዛዋ ነገር አሳመነችኝ። የጨርቁን ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። እግዜር ይስጥልኝ።

ከቶሮንቶ
እኔ ከእናንተ ራቅ ብዬ ነው ያለሁት። ግን «ታይትሮፕ» እዚህ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም መጥቶ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሃሚልተን ኮሌጅ ውስጥ ነው የተከፈተው፣ ከዚያ እየተዘዋወረ መጣ።

በስልክ ያየ ሰው አላየውም፣ ይሄን ማለት እፈልጋለሁ። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስላችኋል። ድንበር፣ ወንዝ፣ አረንጓዴና ቡናማ ማሳ። ቀረብ ስትሉ ማሳው ይጠፋና እያንዳንዱ ሽቦ ይወጣል። ጫፉ የተቆረጠበት ቦታ ላይ መዳቡ ብልጭ ይላል። ጠባቂዋ «እባክዎ ራቅ ይበሉ» እስክትለኝ ድረስ ነበር የተጠጋሁት። አጠገቤ የነበሩ ፈረንጆች ስለ አካባቢ ብክለት ያወሩ ነበር። እኔ ግን እናቴ ስፌት ስትሰፋ ስንደዶዋንና አክርማዋን በቀለም በቀለም ለይታ የምታስቀምጥበት ነገር መጣብኝ።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው። ለምንድነው እኛ እዚህ የምናየውን እናንተ እዚያ የማታዩት? ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ የዓለም የሥነ ጥበብ ዝግጅትም በ2022 ዋናው ኤግዚቢሽን ላይ ነበር። አሜሪካም ታላላቅ ሙዚየሞች ሥራውን ይዘዋል። አዲስ አበባስ?

ጥያቄ ብቻ
ኤል አናትሱይን ነው የቀዳው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ብራና
አይደለም። የሚያመሳስላቸው የተጣለ ነገር መጠቀማቸው ነው። ኤል አናትሱይ ጋናዊ ነው፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ተወለደ፣ ረጅም ዘመን የሠራው ናይጄሪያ ንሱካ ነው። የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ይጨፈልቅና በመዳብ ሽቦ ያያይዘዋል። ውጤቱ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ነገር ነው፣ በተሰቀለ ቁጥር እጥፋቱ ይለያያል። ብዙ ሰው ኬንቴ የሚባለውን የጋና ባህላዊ ጨርቅ ያይበታል። የመጠጥ ክዳን መሆኑም በዋዛ አይታለፍም። አውሮፓውያን ወደ አፍሪካ ያመጡት መጠጥ ከባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ለዕድሜ ልክ ሥራው ወርቃማው አንበሳ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል።

የኤልያስ ሥራ ደግሞ በሚስማር የተያዘ፣ እንጨት ላይ የቆመ ነው። አይታጠፍም። ጎን ለጎን አስቀምጠህ ብታይ እጃቸው እንደማይገናኝ ወዲያው ይታይሃል።

ከምናለሽ ተራ
ስለ መርካቶ ስታወሩ አነበብኩ። እኔ እዚያው ነኝ፣ ውራጅ እቃ ላይ። አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሽቦው እጃችን ላይ ከመድረሱ በፊት ብዙ ሰው ነክቶታል። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ከየቤቱ ይገዛል። ልዋጭ የሚሉትም አሉ። ማዳበሪያ ሞልተው ያመጣሉ። እኛ እንለያለን፦ ብረት ለብቻ፣ መዳብ ለብቻ፣ አሉሚኒየም ለብቻ፣ ቦርዱ ለብቻ። ገንዘቡ መዳቡ ላይ ነው። ላስቲኩን አንዳንዱ ያቃጥለዋል፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። ግን የተቃጠለ መዳብ ይጠቁራል፣ በቢላ ከተላጠው ያነሰ ነው የሚያወጣው። ጭሱም ሰው ይጎዳል። የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ይልጣል።

አሁን አስቡት። ለኛ የሚጣለው ያ ባለ ቀለም ላስቲክ ነው። ለሰዓሊው ደግሞ ዋናው እሱ ነው። አንዱ የጣለውን ሌላው የሚፈልግበት ቦታ ነው ምናለሽ ተራ። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል። አባቶቻችን ይሄንኑ ሲሠሩ ነው ያደጉት። ስለዚህ ቅርስ ካላችሁ ይሄም ቅርስ ነው። ማንም ግን ቅርስ ብሎ አልመዘገበውም።

የሚከነክነኝን ልናገር። ሥራው ውጭ ሲታይ ጽሑፉ ላይ «የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ» ይባላል። የተጣለ አይደለም። ተሰብስቦ፣ ተለይቶ፣ ተመዝኖ፣ ተሸጦ ነው እዚያ የደረሰው። ስማችን ይጠራ አላልኩም። ግን ቦታው እንኳ ቢጻፍ።

ባለመርፌ
ወንድሜ፣ ይሄን ስላነሳህ አመሰግናለሁ። ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። «ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተገዛ ሽቦ በእንጨት ላይ» ተብሎ ቢጻፍ ምን ይጎድላል? ዘይት ቀለም ሲሆን «ዘይት ቀለም በሸራ» ብለን እንጽፋለን። የእጅ ሥራ ሲሆን ግን የሰፋውን ሰው ትተን ያዘዘውን የምንጠራበት ልማድ አለን። ጥልፍም ላይ ያው ነው። ቀሚሱ የዲዛይነሩ ይባላል፣ ወራት ሙሉ አንገቷን ደፍታ የጠለፈችው አትጠራም። ይሄ ነገር ሰዓሊውን አያሳንሰውም። ሥራው ከነማን እጅ እንደመጣ ያሳያል፣ የበለጠም ያከብደዋል።

ለከቶሮንቶ፦ እህቴ ትሁኚ ወንድሜ አላወቅኩም፣ ይቅርታ። አዲስ አበባ ውስጥ ዞማ ሙዚየም አለልህ/ሽ። መካኒሳ ነው። ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር ነው የመሠረተው። እሷ የሥነ ሰብዕ ባለሙያና ኪውሬተር (የኤግዚቢሽን አዘጋጅ) ናት። የዞማ ሥራ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው፣ የመካኒሳው ሙዚየም በ2019 ተከፈተ።

ያገር ቤት ሰው
ዞማን ካነሳችሁ እኔም ልናገር። እኔ ስለ ሥዕል ብዙ አላውቅም። ጭቃ ቤት ግን አውቃለሁ፣ አባቴ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግኩት።

ልጄ ወሰደችኝ። ግድግዳዎቹ ጭቃና ጭድ ናቸው። ለስሙ ጭቃ የተቀባ ሲሚንቶ ይሆናል ብዬ ሄጄ ነበር። አይደለም፣ እውነተኛ ምርጊት ነው። ላዩ ላይ ደግሞ በእጅ የተቀረጸ መስመር አለ። ይጠማዘዛል፣ ይከበባል፣ ወጣ ገባ ይላል። ፀሐይ ሲዞር ጥላው አብሮ ይዞራል።

ጭቃ ዝም ብሎ አይመረግም። አፈሩ ይመረጣል። በጭድ ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ ይሰነብታል። ሲሰነብት ጭዱ ይለሰልስና ጭቃው ይያያዛል። ቸኩለህ ከመረግከው ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቁ አይቀርም፣ ልስኑ ነው የሚደፍነው። ልስኑ ላይ እበት ይገባል። ይሄን ሁሉ የምታውቅ እናት ከተማ ገብታ «ጭቃ ቤት» ስትባል ታፍራለች። እኛም አፍረን ነው ብሎኬት የገነባነው። ያን ግድግዳ ሳይ ደስታም ንዴትም ነው የተሰማኝ። ደስታው አንድ ሰው ስላከበረው ነው። ንዴቱ የኛን ቤት አፍረንበት ስላፈረስነው ነው።

ልጄ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው» ስትለኝ «ቤታችን ነው» አልኳት።

ከቶሮንቶ
ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሚቀጥለው ክረምት ልመጣ አስቤያለሁ፣ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው።

ባለመርፌ፣ እህት ነኝ።

የካዛንቺስ ልጅ
ጋሼ ያሉት ነገር የኔን ጥያቄ መለሰው። እኔ ቅርስ ስል የማስበው በዓል ላይ የምናሳየውን ነበር። የምናፍርበትን አልቆጠርኩትም ነበር። ጭቃ፣ ውራጅ፣ ጣጥፎ መልበስ። ኤልያስ ያነሳው ይሄንን ነው ማለት ነው። ሲታይ ያልታወቀኝም ለማየት ስላልፈለግኩ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ዓመት
ሰላም። እኔ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። በሽቦና በቦርድ መሞከር እፈልጋለሁ። አንድ አስተማሪዬ «ቆሻሻ ይዘህ አትምጣብኝ» አለኝ፣ ግን አልተውኩትም። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ከየትኛው እቃ ልጀምር? በምን ይያዛል፣ በሙጫ ወይስ በሚስማር? ቦርዱን ስቆርጥ አደጋ አለው?

የጥገና ባለሙያ
የአደጋውን እኔ ልመልስ። ስልክና ኮምፒውተር ነው የምጠግነው።

አንደኛ ነገር፣ ባትሪ ያለበትን ማንኛውንም እቃ ሳትነካ ባትሪውን አውጣ። የስልክና የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም ነው። ብትወጋው ወይ ብታጣምመው ሊነድ ይችላል። የድሮ ቱቦ ያለው ቴሌቪዥን ስክሪን በፍጹም አትስበር። መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለ፣ ቱቦውም አየር አልባ ስለሆነ ይፈነዳል። የድሮ ጠፍጣፋ ስክሪን ጀርባ ላይ ያሉት ቀጫጭን መብራቶች ሜርኩሪ አላቸው፣ እነሱንም ተዋቸው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ቻርጅ ሊይዙ ይችላሉ። ካልሠለጠንክበት አትክፈተው።

ማዘርቦርዱ ራሱ ሲነካ ችግር የለውም። ችግሩ ሲቆረጥ ነው። ቦርዱ የመስታወት ቃጫ ነው፣ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። የድሮ ቦርድ ብየዳው ላይ እርሳስ አለበት። ስለዚህ መጋዝ ከማንሳትህ በፊት ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንት። አቧራው እንዳይነሳ እያራስክ ቁረጥ። ምግብ የሚበላበት ክፍል ውስጥ አትሥራ። እጅህን ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ። ምንም ነገር አታቃጥል፣ ለቀለሙ ብለህም ቢሆን። የሚያቃጥሉ ሰዎች ሲያስሉ የሚውሉት በከንቱ አይደለም።

አስተማሪህ ቆሻሻ ያለውን በተመለከተ ይሄን ንገረው። በ2022 ዓለም የጣለችው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነው ተብሎ በተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ተጽፏል። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩቡ ያነሰው ነው፣ 22.3 በመቶ። የቀረው የት እንዳለ ሠዓሊ መጠየቁ ምን ያስገርማል?

ሁለተኛ ዓመት
ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ፓወር ሰፕላይ ልከፍት ነበር እኮ! በጣም አመሰግናለሁ። አያያዙስ?

ባለመርፌ
ወንድም ዓለም፣ በሽቦ ጀምር፣ ቦርዱን ለኋላ ተወው። የኔትዎርክ ኬብል ፈልግ። ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦ አለ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ፦ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ እያንዳንዱ ከነጭ ጋር። መጠማዘዙ ምልክቱ እንዳይረበሽ ነው፣ ለአንተ ግን ግማሽ ሥራህን ቀድሞ የሠራልህ ያህል ነው። የድሮ የስልክ ኬብል ካገኘህ የበለጠ ቀለም አለው። ወፍራሙን የመብራት ሽቦ መጀመሪያ ላይ አትምረጠው፣ ያስቸግርሃል፣ ጣትህንም ያቆስላል።

ሙጫ አልመክርህም። የሽቦ ላስቲክ ሙጫ በደንብ አይዝም፣ ሲሞቅ ይለቃል። ኮምፔንሳቶ ቁረጥ፣ ከትንሽ መጠን ጀምር፣ በትንንሽ ሚስማር ወይ በስቴፕለር ያዝ። ሚስማሩ ላስቲኩን እንዳይበጣው በሽቦውና በሽቦው መሐል ምታው። እየጎነጎንክ ሂድ፣ ጫፉን ወደ ኋላ መልሰው። መጀመሪያ ሥዕል አትንደፍ። ቀለሙን ለይተህ ደርድርና እሱ ወዴት እንደሚወስድህ እይ።

እናትህ ወይ አያትህ ስፌት ወይ ጥልፍ የሚያውቁ ከሆነ ሽቦውን ይዘህ አጠገባቸው ቁጭ በል። ከኔ የተሻለ ያሳዩሃል።

ከምናለሽ ተራ
ተማሪው፣ ሽቦ ስትፈልግ ጠዋት ጠዋት ና። ከሰዓት ተለይቶ ያልቃል። ላስቲኩን ነው የምፈልገው ካልክ በኪሎ ብዙ አያስወጣህም፣ ከመዳቡ ጋር አንድ ላይ ከፈለግክ ግን እንደ መዳብ ነው የሚመዘነው። የተላጠ ላስቲክ ብቻ ስጡኝ በል። ውስጡ ባዶ ስለሆነ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ቀጭን ሽቦ ብታስገባበት ቅርጽ ይይዝልሃል።

ሁለተኛ ዓመት
ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። የሠራሁትን ፎቶ አንስቼ እዚሁ ክር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ የተገዛበትን ቦታም ስር እጽፋለሁ።